ማንን ነው የጠራችሁት? ስለ ዩዘርኔምና ስለ ሜንሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእቁብና የሰፈር ልጆች ግሩፕ አድሚን ከሆንኩ ዓመታት አልፈዋል። ከብሩ ጣጣ በላይ ያደከመኝ "እኔን ነው?" የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ @ ብሎ ስም ጽፎ ሰው ይጠራል (ሜንሽን የሚሉት ይሄን ነው)፣ ያልተጠራው አቤት ይላል፣ የተጠራው ደግሞ ጭራሽ አልሰማም። በውስጥ መስመር እየደጋገምኩ የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አብዛኛው ስለ ቴሌግራም ነው፤ ያለነው እዚያ ነዋ። ዩቲዩብና ፌስቡክም መሃል ላይ ይገባሉ።

አንድ ሰው ሜንሽን አደረግኩ፣ ሌላ ሰው መጣ። ምን ሆኖ ነው?

እያንዳንዱ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው ከመልእክቱ በላይ የሚታየው ነው። እሱን ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በአበባና በልብ ምልክት። መቶ ሰው አንድ ስም ቢይዝ ቴሌግራም ግድ የለውም። ሁለተኛው ዩዘርኔም ነው፤ ከፊቱ @ ያለበት። እሱ በመላው ቴሌግራም የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከ5 እስከ 32 ፊደል ይረዝማል፣ የሚቀበለውም የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው። በትልቁ ፊደል ጻፋችሁት በትንሹ፣ ለእሱ ያው ነው።

አሁን የእኛን ግሩፕ ተመልከቱ። ሦስት "የማርያም ልጅ" አለን። ሁለት "የእናቴ ልጅ"። አንድ "ስደት ይብቃ" አለች፤ እሷ አገሯ ገብታ ሱቅ ከከፈተች ቆይታለች፣ ስሙን ግን አልቀየረችውም። አንድ ወር እቁቡ የደረሰው ዱባይ ላለችው የማርያም ልጅ ነበር። ጸሐፊያችን @ ብሎ ሲጽፍ ዝርዝሩ ላይ ከላይ የመጣችው ግን የአዳማዋ ነበረች። እሷን ነካና "እንኳን ደስ አለሽ፣ ደርሶሻል" ብሎ ለቀቀው። እልልታው ቀለጠ። የአዳማዋ ምርቃቱን ተቀብላ፣ አሜን ብላ፣ ብሩን ምን ላይ እንደምታውለው ነግራን ከጨረሰች በኋላ ነው ስህተቱ የታወቀው። ሁለቱ ሴቶች እስከ ዛሬ በደንብ አይነጋገሩም፤ ጥፋቱ ደግሞ የሁለቱም አልነበረም።

ስለዚህ ከዝርዝሩ ላይ ስትመርጡ ስሙን ብቻ አትዩ። ፎቶውንና ከስሙ ጎን የተጻፈውን ዩዘርኔም እዩ። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ሜንሽኑን ተዉትና ሰውየው ቀደም ብሎ የጻፈውን መልእክት ፈልጋችሁ እሱ ላይ ሪፕላይ አድርጉ። ሪፕላይ ሰው አይስትም። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከመልእክቱ ውስጥ የምትፈልጉትን ዓረፍተ ነገር ብቻ መርጦ መጥቀስ ይቻላል፤ ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፉ አጎቶች የተፈጠረ ነው የሚመስለው።

ስሙን በአማርኛ ስጽፍ ዝርዝሩ ላይ አይመጣም። ሰውየው ግን ግሩፑ ውስጥ አለ።

ፀጋዬ ነው ወይስ ጸጋዬ? ሰውየው ስሙን በፀሐዩ ፀ ጽፎት እናንተ በጸሎቱ ጸ ብትፈልጉት አታገኙትም። ለጆሯችን አንድ ድምፅ ነው። ለስልኩ ግን ሁለቱ ፊደሎች የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው፣ የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ኃይሌን እዩት፤ ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ፣ ሀይሌ፣ ኀይሌ። አምስት ሰው መስሎ ይታየዋል።

"ትክክለኛው ፊደል ይህ ነው" ብላችሁ ክርክር አታንሱ፤ እሱ ክርክር አያልቅም፣ ሜንሽኑም አይደርስም። ግሩፑ ትንሽ ከሆነ @ ብቻ ጽፋችሁ ዝርዝሩን በጣታችሁ ውረዱት። ትልቅ ከሆነ የአባላት ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ በአባት ስም ሞክሩ።

"ሰላም፣ ብሩን ዛሬ ላኪ" ብዬ ጻፍኩ። አሥር ሴቶች "እኔ ነኝ?" አሉኝ። ሰላም የምትባል ልጅ ግን ዝም አለች።

ሰላምታ መስሏት ነዋ! በጣም ከምወዳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው።

ስሞቻችን ቃላት ናቸው። ሰላም፣ ተስፋ፣ ምሕረት፣ ደስታ፣ ተመስገን፣ ይበልጣል። አንዱ "ተመስገን፣ ዛሬም ዋልን" ብሎ ቢጽፍ ተመስገን የሚባለው ልጅ "አቤት" ይላል። እንግሊዝኛ ቢሆን ስም በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ይለያል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። በአፍ ሲሆን ድምፃችንን እንለውጣለን፣ ወይም ዘወር ብለን እናያለን። በጽሑፍ ግን የሚለየው ነገር የለም። ለእኔ የ@ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አማርኛ የሌለውን ትልቅ ፊደል ተክቶ "ይህ ስም ነው፣ ሰው ነው" ይላል። እንደ ሰላም ዓይነት ስም ያለውን ሰው ስትጠሩ ሳትሰንፉ @ ተጠቀሙ።

ለነገሩ ምልክቱ ራሱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር ነው የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም ለመለየት ለኢሜይል የመረጠው። ሰው መጥሪያ የሆነው ከ2006 በኋላ ነው፤ የትዊተር ተጠቃሚዎች ራሳቸው ጀምረውት ኩባንያው ከኋላ ተከተላቸው።

@ አድርጌ ዩዘርኔሙን አንድም ፊደል ሳልሳሳት ጻፍኩ። ግን አልደረሰውም።

ከስሙ ጋር ያጣበቃችሁትን እዩ። አማርኛ ስምን እንዲሁ አይተወውም። ከፊት የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ይለጥፍበታል፤ ከኋላ ን፣ ም፣ ስ ይቀጥልበታል። ቴሌግራም ደግሞ በእጅ የተጻፈ ዩዘርኔምን የሚያውቀው ከግራም ከቀኝም ሌላ ፊደል ሳይነካው ሲያገኘው ነው። "ብሩን ለ@እገሌ ላኩ" ስትሉ፣ እገሌ ባልኩበት ቦታ እውነተኛው ዩዘርኔም እንዳለ አስቡት፣ "ለ" ተጣብቃበታለችና ሜንሽን አይሆንም። "@እገሌን ጠይቁት" ስትሉም "ን" ታበላሸዋለች። ጽሑፉ ለዓይን ትክክል ነው፣ ግን ማንም አልተጠራም።

መለያው ቀላል ነው። ከላካችሁ በኋላ ስሙ ቀለሙ ካልተለወጠ አልሠራም ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ክፍተት ትሰጡታላችሁ፤ "ለ @እገሌ ላኩ"፤ ያስጠላል፣ ግን ይደርሳል። ወይ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ትገለብጡታላችሁ፤ "@እገሌ፣ ብሩ ላንተ ነው የሚላከው"። ነጠላ ሰረዝ ፊደል ስላልሆነ ችግር የለውም። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ሰው ሲጠራም መጀመሪያ በስሙ ነው፣ ነገሩ ይከተላል።

ይሄን ጉዳይ ዩዘርኔምን የሠሩት ሰዎች አላሰቡበትም፣ አልፈርድባቸውም፤ በእነሱ ቋንቋ መስተዋድዱ ራሱን ችሎ ይቆማል።

ዩዘርኔም የሌለውን ሰው እንዴት ልጥራ?

@ ጻፉ፣ ስሙን ጀምሩ፣ ከዝርዝሩ ላይ ንኩት። ስሙ ብቻውን ይመጣል፣ ከሥሩ ግን ከአካውንቱ ጋር ታስሯል፣ ይደርሰዋል። በእጃችሁ ጽፋችሁ ብትጨርሱት ግን ባዶ ጽሑፍ ነው። እናቶቻችን ብዙዎቹ ዩዘርኔም የላቸውምና ይቺን ልመዱ።

ስሙን የቀየረ ሰው ካለ የድሮው ሜንሽን ወዴት ይሄዳል?

በዚያኛው በስም በታሰረው መንገድ ከሆነ የጠራችሁት፣ ሰውየው ስሙን መቶ ጊዜ ቢቀያይር እሱው ጋ ይወስዳችኋል። በዩዘርኔም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዩዘርኔም ሲለቀቅ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፣ የድሮው ጽሑፍ ደግሞ አሁን ስሙን ወደያዘው ሰው ይመራል። አምና "ዕቃውን ከ @እገሌ ግዙ፣ ታማኝ ነው" ያላችሁለት ሰው ስሙን ትቶት ከሄደ፣ ዛሬ ያንን መልእክት የሚያገኝ ሰው የሚደርሰው የማታውቁት ሰው ቤት ነው። ዋስ ሆናችሁ ለጻፋችሁት ነገር ተመለሱና አጥፉት ወይም አስተካክሉት። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዩዘርኔም ፍራግመንት በሚባለው ገበያ በጨረታ ይሸጣል፤ ባለ 4 ፊደሎቹም እዚያ ነው የሚገኙት። የሚሸጥ ነገር ባለቤት ይቀያይራል።

ዩቲዩብ ላይ ስሜ "ዩዘር" ተብሎ ከኋላው የማይነበብ ፊደልና ቁጥር ተደረደረበት። ሰው እንዴት ይጥራኝ?

የብዙ ሐበሻ ጥያቄ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ለእያንዳንዱ ሰው @ ያለው መለያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ራሱ ላልመረጠ ሰው ከኅዳር ጀምሮ ማሽኑ መረጠለት። የቻናል ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢሆን ከስሙ የተቀራረበ ነገር ይሰጣችሁ ነበር። ስማቸው በአማርኛ ፊደል የነበረ ብዙ ሰዎች ግን "ዩዘር" ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ደረሳቸው። በኋላ ከአስተያየቱ በላይ የሚታየው የቻናሉ ስም መሆኑ ቀርቶ ይኸው መለያ ሆነ። አንድ መዝሙር ሥር ወርዳችሁ ካያችሁ፣ ከጅዳም ከዋሽንግተንም የጻፈ ሰው ሁሉ የታርጋ ቁጥር የለጠፈ መኪና ይመስላል። "ከላይ ያልሽው እህቴ" ብትሉ የትኛዋን?

መቀየር ይቻላል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የቻናሉን መረጃ የምታስተካክሉበት ቦታ አለ፤ እዚያ ከ3 እስከ 30 ፊደል የሆነ ስም ምረጡ። በ14 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መቀየር የሚፈቅደው፣ ስለዚህ አስባችሁ ግቡ። የድሮውንም ለ14 ቀን ያቆይላችኋል።

የምጠራው ሰው ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። "ልክ ነህ" ብዬ "ሴት ነኝ" ተባልኩ።

አማርኛ እዚህ ላይ መሸሻ አይሰጥም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፤ አንዱን ሳትመርጡ ግስ አይገኝም። "የማርያም ልጅ" ከሚለው ስም ደግሞ ምንም አይገባችሁም፣ ፎቶውም የማርያም ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ካላወቅኩ እርስዎ እላለሁ። በአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ላይ ቢያርፍ ይስቃል፣ አይቀየምም። በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ብለው ግን ግሩፑ በሙሉ ነው የሚነሳብኝ። ሌላው መንገድ ሰውየውን ትቶ ሐሳቡን መጥራት ነው፤ "@እገሌ፣ የተጻፈው ልክ ነው" ማለት። ትንሽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል እንጂ ያወጣል።

ለትልቅ ሰው ደግሞ ባዶ @ አትወርውሩ። ጋሽ ወይም እትዬ ከፊት ጨምሩ፣ ክፍተት መስጠታችሁን ሳትረሱ። አንድ አባት "በምልክት ጠራኝ" ብለው ሦስት ቀን ዝም አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ለእሳቸው ያቺ ምልክት በጣት እንደመጥራት ነበረች። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሰው ታግ ካደረጋችሁ በኋላ የአባትን ስም ወደ ኋላ ማጥፋት ትችላላችሁ፣ የራሱ ስም ብቻ ይቀራል፣ ሊንኩም አይጠፋም። ለጓደኛ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ስም እየጠሩ ማናገር ክስ ያነበቡ ያስመስላል።

እኔ የማላውቀው ሰው ሁሉ በእኔ ስም ይጠራል። ምን ላድርግ?

ብቻችሁን አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕፃናት የምትጠብቅ አንዲት ሴት ትዊተር ላይ "ዘ አሽስ" የሚል ስም ነበራት። የቤት ቅጽል ስሟ ነበር። እንግሊዝና አውስትራሊያ የሚፋለሙበት ትልቅ የክሪኬት ውድድርም ስሙ ዘ አሽስ ነው። ውድድሩ ሲጀመር የክሪኬት ወዳጆች በሙሉ ስለ ጨዋታው እየጻፉ እሷን ሜንሽን ያደርጉ ጀመር። መጀመሪያ ለመነች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ እኔ ጨዋታ አይደለሁም ብላ ጮኸች። መጨረሻ ላይ ግን ነገሩ ስቧት ስለ ክሪኬት መጠየቅ ጀመረች፤ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ አስመጥቷት ጨዋታውን ስታዲየም ገብታ አየችው።

እናንተን ቲኬት ቆርጦ የሚወስዳችሁ አይኖርም፣ ስለዚህ ተግባራዊውን እንነጋገር። በጥድፊያ አትመልሱ። አንድ ጊዜ "የፈለጋችሁት ሰው እኔ አይደለሁም" ብላችሁ ጻፉ፣ ከቻላችሁ ትክክለኛውን ሰው ጠቁሙ። ካልቆመ ዩዘርኔማችሁ ላይ ቁጥር ወይም የአባት ስም ጨምሩበት። ስሙ ቀድሞ የእናንተ መሆኑ ያናድዳል፣ አውቃለሁ።

አድሚኑ በውስጥ መጥቶ ብር ጠየቀኝ። ዩዘርኔሙ የእሱ ነው። ልላክ?

አይላክ።

አሁን ደግሞ ለምን የእሱ እንደሚመስል። የእንግሊዝኛው ትልቁ "አይ" እና ትንሹ "ኤል" በብዙ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ እንጨት ናቸው። ለቴሌግራም ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በዩዘርኔሙ ውስጥ ኤል ያለበት አድሚን ካለ፣ አጭበርባሪው በኤሉ ቦታ ትልቁን አይ አድርጎ ይመዘግባል፣ ፎቶውን ይወስዳል፣ ስሙን ይገለብጣል፣ አለቀ። ዜሮና ኦም እንደዚያው።

በዓይን ለመለየት አትድከሙ። ግሩፑ ውስጥ ግቡ፣ የአድሚኑን የቆየ መልእክት ፈልጉ፣ ስሙን ንኩና ከዚያ በኩል ጻፉለት። የጻፈላችሁ እሱ ከሆነ ያው ንግግር ይከፈታል። ሌላ ከሆነ ባዶ ገጽ ወይም ከእውነተኛው ጋር የነበራችሁ የቆየ ንግግር ይከፈታል፣ ያኔ ብሎክና ሪፖርት። ስልክ መደወልም አለ እኮ፤ እቁብ በስልክ ተደውሎ ነው የኖረው።

የመለሰልኝ ሰው ስሙ የግሩፑ ስም ነው፣ ሌላው ደግሞ የቻናል ስም ነው። እነዚህን እንዴት ልጥራቸው?

የግሩፑን ስም የያዘው ራሱን የደበቀ አድሚን ነው። የቻናል ስም የያዘው በቻናሉ ስም ለመጻፍ የመረጠ ሰው ነው። ቻናሉን ሜንሽን ብታደርጉ ቻናሉ ይከፈታል እንጂ ከጀርባ ላለው ሰው ስልኩ አይጮህም። መልእክቱ ላይ ሪፕላይ አድርጉና ጠብቁ።

ጥሩ ዩዘርኔም ምን ዓይነት ነው?

በስልክ ፊደል እየቆጠራችሁ ሳትደክሙ የምትነግሩት። ፈተናው ይሄ ነው። ሚካኤል ለሚባል ሰው "በኬ ነው ወይስ በሲ ኤች?" የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ፀሐይ በ"ቲ ኤስ" ነው የሚጀምረው፣ መጨረሻው "ዋይ" ነው ወይስ "አይ"? ውጭ ያላችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ብትይዙ ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ተጽፎ ያለ ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ብዙዎቹ ሁለት ስም አላቸው፣ የቤቱ የአማርኛ ስምና የዕብራይስጡ። ግሩፑ ውስጥ በየትኛው እንደሚጠሯችሁ አስቡና ያንን ዩዘርኔም አድርጉ፣ ሌላውን የሚታየው ስም ላይ ጨምሩት።

የትውልድ ዓመት አትጨምሩ። ዕድሜያችሁን መደበቅ ባትፈልጉ እንኳ፣ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ስለሚለያይ ሰው ይሳሳትበታል። የራሴ ዩዘርኔም በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ውጭ ያሉት ሁሉ የፈረንጁ መስሏቸው ከዕድሜዬ በላይ አርጅተውኛል፤ ጋሼ ይሉኛል፣ ዝም ብዬ እቀበላለሁ።

ግሩፑን ሚውት አድርጌዋለሁ። አሁንም ስልኬ ይጮሃል።

ሚውት ቢሆንም ሜንሽንና ሪፕላይ ያልፋሉ፤ ቴሌግራም አውቆ ነው እንዲህ የሠራው። ሁሉን አባል በአንድ ጊዜ የሚጠሩት ደግሞ ቦቶች (ግሩፕ ውስጥ እንደ ሰው የሚገቡ ፕሮግራሞች) ናቸው፣ ስሙን በቡድን በቡድን እየደረደሩ። እኛ ግሩፕ ውስጥ ያንን ቦት ያስገባው ሰው የልደት ምኞት ለመግለጽ ነበር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉን የቀሰቀሰው። ቦቱን አስወጣሁት። ሰውየውን አላስወጣሁትም፣ የእቁቡ ዳኛ ነው።